ባለቤቱ መንገድ ላይ፣ ጠመንጃው ቤት፦ ነጋዴው መሣሪያውን በአነስተኛ ወጪ እንዴት ይቆልፍ?

በሞያሌ መስመር የሚሠራ አንድ የሰንጋ ነጋዴ እንውሰድ። ከዱብሉቅ ገበያ የገዛቸውን ወይፈኖች አይሱዙ ላይ ጭኖ ወደ ድንበር ይወርዳል። የእንስሳት ጤና ሰርተፍኬቱን ያስጨርሳል፣ ከደላላው ጋር ዋጋ ይቆርጣል፣ ገንዘቡ እስኪገባ ይጠብቃል። ቤቱ የሚመለሰው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ነው። በመተማ፣ በቶጎ ውጫሌ ወይም በገላፊ መስመር የሚሠራውም ኑሮው ከዚህ ብዙ አይለይም። በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድርባቸው ሌሊቶች ከግማሽ በታች የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህ ነጋዴ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ አለው። የገዛው ቤቱንና ከብቱን ለመጠበቅ ነው። እሱ መንገድ ላይ ሲሆን ግን ጠመንጃው የሚጠብቀው ነገር የለም፤ እንዲያውም ራሱ ጠባቂ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ የቀጠረው እረኛና አልፎ አልፎም እንግዳ አሉ። የሚሄድበትን ቀን ደግሞ ጎረቤቱም ገበያተኛውም ያውቃል።

ስለዚህ አንድ ነጋዴ ለመሣሪያው ማስቀመጫ ሲመርጥ ሊያስብ የሚገባው እቤት ስለሚሆንበት ሌሊት ብቻ አይደለም። ዋናው ጥያቄ እሱ በሌለበት አራት ቀን ማስቀመጫው ብቻውን ሥራውን ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ ውድ ካዝና የግድ አያስፈልግም። አንድ ላሜራ፣ አንድ ጥሩ ቁልፍና አራት ቡሎን በትክክል ከተሠሩ ለአብዛኛው ቤት ይበቃሉ።

መሣሪያው ለምን ድንበር አይሻገርም?

አንዳንድ ነጋዴ “ቤት ትቼው ከምሰረቅ ይዤው ልሂድ” ይላል። ይህ ከስርቆቱ የባሰ ጣጣ ያመጣል። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። በዚህ መሠረት የሚሰጥ ፈቃድ የሚሠራው ግን በአገር ውስጥ ነው፤ ከኬላው ማዶ ወረቀቱ ዋጋ የለውም። በኬንያ የጦር መሣሪያ ሕግ፣ ምዕራፍ 114 በሚባለው፣ የኬንያ የምስክር ወረቀት ሳይኖረው ጠመንጃ ይዞ የተገኘ ሰው ከባድ የእስራት ቅጣት ይጠብቀዋል። ከሰውየው በተጨማሪ መኪናውና ጭነቱም ይቆማሉ። ፀሐይ ላይ የቆመ ሰንጋ ደግሞ በየሰዓቱ ኪሎ ይቀንሳል።

የአካባቢው አገሮች በዚህ ጉዳይ የጋራ ውልም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተፈረመው የናይሮቢ ፕሮቶኮል ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳን፣ ሱዳንንና ጅቡቲን ጨምሮ የታላላቅ ሐይቆችንና የአፍሪካ ቀንድ አገሮችን ያስተሳስራል። ፕሮቶኮሉ አገሮቹ በግለሰብ እጅ ያለ መሣሪያ እንዲመዘገብ፣ አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ከሲቪል እጅ እንዲወጡና ስለ አቀማመጥም ሕግ እንዲያወጡ ይጠይቃል። ነጋዴው ያለው መሣሪያ ለግለሰብ የሚፈቀድ ዓይነት መሆኑን መጀመሪያ ከፈቃድ ሰጪው ማረጋገጥ አለበት። ፈቃድ የሌለው መሣሪያ በምንም ዓይነት ሣጥን ቢቆለፍ ሕጋዊ አይሆንም።

“ለወንድሜ ወይም ለጎረቤቴ በአደራ ልስጠው” የሚለውም መፍትሔ አይደለም። ፈቃዱ የተሰጠው ለባለቤቱ በስሙ ነው። መሣሪያው በሌላ ሰው እጅ ቢገኝ ወይም ጉዳት ቢያደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙ በፈቃዱ ላይ ያለው ሰው ነው። ለረጅም ጊዜ የሚሄድ ነጋዴ፣ ለምሳሌ ከሐጅ በፊት ባሉት የኤክስፖርት ወራት ወደብ አካባቢ የሚከርም ሰው፣ መሣሪያውን በደረሰኝ ማስረከብ ይቻል እንደሆነ የአካባቢውን ፖሊስ ቢጠይቅ ይበጀዋል። ለአራትና ለአምስት ቀን የሚሄድ ግን ቤቱ ውስጥ አስተማማኝ መቆለፊያ ሊኖረው ይገባል።

ከማን ነው የሚቆለፈው?

መሣሪያ የሚቆለፈው ከሌባ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በእርግጥ የሚቆለፈው ከሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው ሕፃናት ናቸው። በገጠርም በከተማም ጠመንጃ ከአልጋ ራስጌ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ፍራሽ ሥር ይገባል ወይም ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጣል። አባት “ልጆቹ የት እንዳለ አያውቁም” ብሎ ይተማመናል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት መሣሪያ ያለባቸውን ቤቶች ወላጆችና ልጆች ለየብቻ ጠይቆ ነበር። ልጃቸው መሣሪያው የት እንደሚቀመጥ አያውቅም ካሉት ወላጆች መካከል የ39 በመቶዎቹ ልጆች ቦታውን ያውቁ ነበር። አገሩ ሌላ ቢሆንም ልጅ በሁሉም አገር ልጅ ነው። አባቱ አራት ቀን ሲጠፋ ቤቱን ጥግ በጥግ የሚያስሰው እሱ ነው። መደበቅ መቆለፍ አይደለም።

ሁለተኛው ሌባ ነው። ነጋዴ ቤት ገንዘብ አለ ተብሎ ይታሰባል። ቤት ሰብሮ የገባ ሌባ ባዶ እጁን መጥቶ የባለቤቱን ጠመንጃ ይዞ ከወጣ፣ ያ ጠመንጃ ነገ በዚያው የከብት መንገድ ላይ ለዘረፋ ሊውል ይችላል። ጉዳቱ ከአንድ ቤት አልፎ በመስመሩ ለሚሠራ ሁሉ ይተርፋል።

ሦስተኛው ብዙ የማይነገርለት ክፉ ሰዓት ነው። የከብት ንግድ በአንድ ወቅት ሰውን ባዶ ያስቀራል። እ.ኤ.አ. በ2000 በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ሳዑዲ ዓረቢያ የቀንዱን አገሮች እንስሳት ስትከለክል፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ዝናብ በተከታታይ ሲጠፋና በቦረና ከብት ሲያልቅ፣ ብዙ ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ ገብቷል። ዕዳ፣ የቤት ውስጥ ጠብና መጠጥ በሚገናኙበት ሰዓት በቀላሉ የሚገኝ የጎረሰ ጠመንጃ የሰው ሕይወት ይቀጥፋል። ያ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል፤ የተቆለፈ ሣጥን የሚሰጠው ያንኑ የማለፊያ ጊዜ ነው። ከቤተሰቡ አንዱ፣ ባለቤቱም ጭምር፣ ከባድ ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ ውስጥ ከገባ መሣሪያው ለጊዜው ከቤት እንዲወጣ ከፖሊስ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ይህ ነውር የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2005 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት አራት ልማዶችን መርምሯል፦ መሣሪያውን መቆለፍ፣ ጥይት አውጥቶ ማስቀመጥ፣ ጥይቱንም መቆለፍና ጥይቱን ከመሣሪያው ለይቶ ማስቀመጥ። አራቱም እያንዳንዳቸው በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚደርስ ድንገተኛ ጉዳትና ራስን ከማጥፋት አደጋ መቀነስ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። ከአራቱ ሁለቱ፣ ጥይት ማውጣትና መለየት፣ አዲስ ነገር መግዛት አይጠይቁም።

ከመቆለፉ በፊት፦ ጥይቱ መውጣት አለበት

የጎረሰ ጠመንጃ ሣጥን ውስጥ አይገባም። ማውጣቱ ቅደም ተከተል አለው። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበትና ጥይት ቢወጣ ወደማይጎዳ አቅጣጫ ይዞራል። ጣት ከቃታ ይርቃል። በመጀመሪያ የጥይት መያዣው ይነቀላል። ከዚያ መዝጊያው ወደ ኋላ ተስቦ የጥይት ቤቱ በዓይን ይታያል፣ በጣትም ይዳሰሳል።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ማዛባት ብዙ ሰው ይጎዳል። የጥይት መያዣው ሳይነቀል መዝጊያው ቢሳብና ቢለቀቅ ሌላ ጥይት ይጎርሳል። መያዣው ተነቅሎ የጥይት ቤቱ ካልታየም አንድ ጥይት ውስጥ ሊቀር ይችላል። “ባዶ ነው” ተብሎ ሰው የሚመታው በዚህ አንድ ጥይት ነው። ይህ ሥራ ልጆች በሌሉበትና ባለቤቱ ባልቸኮለበት ሰዓት መሠራት አለበት። መኪናው በር ላይ ጥሩምባ እየነፋ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ምርጫዎቹ ከርካሹ እስከ ውዱ

የገመድ ወይም የሰንሰለት ቁልፍ። ከሁሉ ርካሹ ነው። ጥይቱ ከወጣ በኋላ ጠንካራ የሽቦ ገመድ በተከፈተው የጥይት ቤት በኩል ገብቶ በጥይት መያዣው ቀዳዳ ይወጣና በጓጉንቸር ይቆለፋል። በዚህ ሁኔታ መዝጊያው አይዘጋም፣ ጥይትም አይጎርስም። ልጅን ይከለክላል፤ ሌባን ግን አይከለክልም፣ ጠመንጃውን ከነገመዱ ይዞ ይሄዳል። የቃታ መቆለፊያም እንደዚሁ ነው፤ እሱ ደግሞ የጎረሰ መሣሪያ ላይ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፣ ሲገጠም ቃታውን ሊነካ ይችላልና። ሁለቱም ሣጥን እስኪሠራ ለመቆያ፣ ከተሠራ በኋላም ለተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠቅማሉ።

የእንጨት ወይም የቆርቆሮ ሣጥን። በየገበያው ይገኛል፣ ልብስ ለማስቀመጥ ጥሩ ነው። ለመሣሪያ ግን ደካማ ነው። ቁልፉ ጠንካራ ቢሆን እንኳ ማንጠልጠያው በትንሽ ሚስማር የተያዘ ስለሆነ በአንድ የብረት ዘንግ ይነቀላል።

ያገለገለ የቢሮ የብረት ካቢኔት። ቢሮዎች ዕቃ ሲሸጡ በቅናሽ ይገኛል። ብረቱ ስስ ስለሆነና ቁልፉም ቀላል ስለሆነ እንዳለ አያስተማምንም። ከውስጥ አንግል ብረት ተበይዶበት፣ ከውጭ ወፍራም ማንጠልጠያና ጓጉንቸር ተጨምሮበት ከግድግዳ ጋር ከታሰረ ግን ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል።

በብየዳ ቤት የሚሠራ ሣጥን። ለአብዛኛው ነጋዴ ዋጋውና ጥንካሬው የሚመጣጠነው እዚህ ላይ ነው። አሠራሩ ቀጥሎ በዝርዝር ቀርቧል።

የፋብሪካ ካዝና። ጥሩ ነው፣ ግን ውድና ከባድ ነው። በገበያ ያሉት ትንንሽ ካዝናዎች ለገንዘብና ለሰነድ የተሠሩ በመሆናቸው ሽጉጥ እንጂ ጠመንጃ አይችሉም። በቁጥር የሚከፈቱት በባትሪ ይሠራሉ። ባትሪው ሳይደክም በየጊዜው መቀየር፣ የአደጋ ጊዜ ቁልፉም ካዝናው ውስጥ እንዳይረሳ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መክፈቻ ቁጥሩ የትውልድ ዓመት ወይም የስልክ ቁጥር መጨረሻ መሆን የለበትም፤ ልጆች መጀመሪያ የሚሞክሩት እሱን ነው።

ከአንድ ላሜራ የሚወጣ ሣጥን

በብየዳ ቤት ሲታዘዝ መጀመሪያ የሚወሰነው ርዝመት ነው። ሰደፉ የማይታጠፍ ክላሽ 88 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አሮጌዎቹ ረጃጅም ጠመንጃዎች፣ በተለምዶ ምንሽር ወይም ቤልጅግ የሚባሉት፣ ከ110 ሳንቲ ሜትር ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ ባለቤቱ መሣሪያውን ቤቱ ለክቶ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ወደ ብየዳ ቤት ይሂድ፤ ጠመንጃው ራሱ ከቤት አይውጣ።

አንድ የተለመደ ላሜራ 1 ሜትር በ2 ሜትር ነው። ከዚህ ላይ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 27 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 22 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሣጥን ይወጣል። ሁለት 27 እና ሁለት 22 ሲደመሩ 98 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆኑ አራቱም ረጃጅም ጎኖች በላሜራው ስፋት ልክ ይገባሉ። ከሚተርፈው 80 ሳንቲ ሜትር የላይና የታች መክደኛው ይቆረጣል። ከዚያም የተረፈው ለማጠናከሪያ ይውላል። ይህን አስቦ የሚሄድ ሰው ሁለተኛ ላሜራ እንዲገዛ አይገደድም።

ውፍረቱ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመከራል። አንድ ሚሊ ሜትር ላሜራ በብረት ዘንግ ይታጠፋል። በ2 ሚሊ ሜትር የተሠራው ሣጥን 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በ3 ሚሊ ሜትር ከተሠራ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። ሁለቱም አንድ ጎረምሳ በትከሻው ተሸክሞ የሚወጣቸው ናቸው። ስለዚህ ውፍረት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ሣጥኑ መታሰር አለበት።

በያጁ ሲሠራ አራት ነገሮች ይታያሉ።

አንደኛ፣ በሩ ሲዘጋ ጠርዙ ከሣጥኑ ውስጥ በሚበየድ አንግል ብረት ላይ ያርፍ። በዚህ ጊዜ ዘንግ የሚገባበት ክፍተት አይኖርም።

ሁለተኛ፣ ማጠፊያዎቹ ከውጭ ከሆኑ ሌባ ሊቆርጣቸው ይችላል። ከማጠፊያው ጎን በበሩ ውስጠኛ ክፍል ላይ የፌሮ ዘንግ ቢበየድና በሩ ሲዘጋ ከፍሬሙ ኋላ ቢገባ፣ ማጠፊያው ቢቆረጥ እንኳ በሩ አይነቀልም።

ሦስተኛ፣ ጓጉንቸሩ በብረት ከለላ ውስጥ ይግባ። ቁልፉ ከታች በኩል ብቻ የሚገባበት ትንሽ የብረት ቤት ከተበየደለት የብረት መቁረጫ መቀስ ቀለበቱን አያገኘውም። ጓጉንቸር ሲገዛ ቀለበቱ ወፍራምና የጠነከረ ብረት መሆኑ ይታይ።

አራተኛ፣ በጀርባው ወይም በወለሉ ላይ ለቡሎን የሚሆኑ አራት ቀዳዳዎች ይበሱ። ቡሎኖቹ የሚጠብቁት ከውስጥ ስለሆነ በሩ ሳይከፈት ማንም አይፈታቸውም።

ገንዘብ ካነሰ የወጪው ቅደም ተከተል ይህ ቢሆን ይሻላል፦ በመጀመሪያ ጥሩ ጓጉንቸር፣ ቀጥሎ ማሰሪያው፣ በመጨረሻ ውፍረቱ። 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ የታሰረ ሣጥን 3 ሚሊ ሜትር ሆኖ ካልታሰረ ይበልጣል።

ሣጥኑ ለምን እንደሚሠራ ለብየዳ ቤቱ ሁሉ መንገር አያስፈልግም። “የሰነድና የዕቃ ሣጥን” ማለት ይበቃል። ተሸፍኖ ወደ ቤት ቢገባ፣ የገበያ ቀንም ባይሆን ይመረጣል።

የት ይታሰር?

ቤቱ የብሎኬትና የኮንክሪት ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ወለሉ ወይም የኮንክሪት ምሰሶው በትራፓኖ ተበስቶ፣ ውስጥ ገብቶ እየሰፋ የሚይዝ ባለ 10 ወይም ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን በአራቱም ቀዳዳ ይገባል። ብሎኬት ግን ውስጡ ባዶ ነው፤ ቡሎኑን በደንብ አይዝም። ስለዚህ ከብሎኬቱ ይልቅ ምሰሶው ወይም ወለሉ ይመረጣል።

ቤቱ የጭቃ ከሆነ ግድግዳው ምንም ቡሎን አይዝም። እዚህ መፍትሔው ከመሬት ነው። በክፍሉ ጥግ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል። አራት ጫፋቸው የታጠፈና አናታቸው ጥርስ የወጣላቸው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብረቶች ከሣጥኑ ቀዳዳዎች ጋር ተለክተው ይቆሙና ኮንክሪት ይሞላበታል። ይህ ኮንክሪት ብቻውን 150 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንድ ሳምንት ውኃ እየጠጣ ከደረቀ በኋላ ሣጥኑ ላዩ ላይ ቆሞ በዳዶ ይጠብቃል። ሣጥኑ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም አናቱም ከቤቱ ምሰሶ ጋር በብረት ቢያያዝ እንዳይወዛወዝ ይረዳል።

ተከራይ የሆነ ነጋዴ ከአከራዩ ጋር ተነጋግሮ አራት ቀዳዳ ብቻ ቢበሳ ብዙ ጊዜ አይከለከልም፤ ሲወጣ በስሚንቶ ይደፈናል። ይህ ካልሆነ ሣጥኑ በወፍራም ሰንሰለት ከምሰሶ ጋር ይታሰር፣ የሰንሰለቱም መቆለፊያ ሣጥኑ ውስጥ ይሁን።

ቦታው ከመግቢያ በር የማይታይ ክፍል ቢሆን ይመረጣል። እንግዳ የሚቀመጥበት ሳሎንና ልጆች የሚተኙበት ክፍል አይመረጡም።

ቁልፉ የት ያድራል?

ብዙ ጥሩ ሣጥን የሚበላሸው በቁልፉ ነው። ቁልፉ ከበሩ ጉበን ላይ ወይም ከስኳር ጣሳ ውስጥ ከተቀመጠ ሣጥኑ እንዳልተቆለፈ ይቆጠራል።

ጓጉንቸር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ ቁልፍ አለው። አንዱ ከባለቤቱ አካል አይለይ፤ መንገድ ሲሄድም ይዞት ይሂድ። ከመኪና ወይም ከቤት ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት ባይታሰር ይሻላል፤ እነዚያን ለሌላ ሰው መስጠት ይኖራልና። ሁለተኛው ቁልፍ ከቤት ውጭ፣ ባለቤቱ ብቻ በሚደርስበት የተቆለፈ ቦታ ይቀመጥ፤ ለምሳሌ በሱቁ ወይም በመጋዘኑ ያለ መሳቢያ።

“ሌባ ቢመጣ ሚስቴ በምን ትከላከላለች?” የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ ከፈቃዱ ይጀምራል፤ ፈቃዱ የሚስትየው ካልሆነ መሣሪያው የእሷ መከላከያ ሊሆን አይችልም። እሷን በእርግጥ የሚረዷት ጠንካራ በርና መቀርቀሪያ፣ የውጭ መብራት፣ ውሻ፣ የጎረቤትና የአካባቢው ፖሊስ ስልክ ቁጥር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤት ውስጥ ብዙ ገንዘብ አለማሳደር ናቸው። የሽያጩን ገንዘብ በባንክ ወይም በስልክ የሚያስተላልፍ ነጋዴ የቤተሰቡን አደጋ በብዙ ይቀንሳል።

ጥይት፣ ዝገትና ጨው

ጥይቱ ከመሣሪያው ጋር በአንድ ሣጥን አይቀመጥ። ትንሽ የተለየ የሚቆለፍ ሣጥን ይበቃዋል፤ ቁልፉም የተለየ ይሁን። ከምድጃ፣ ከከሰልና ከናፍጣ ወይም ከቤንዚን ጀሪካን ይራቅ። ቁጥሩ ተጽፎ ይያዝ፤ ባለቤቱ ከመንገድ ሲመለስ መጀመሪያ የሚቆጥረው እሱን ቢሆን የጎደለ ነገር ካለ ቶሎ ይታወቃል።

ለብረት የከብት ነጋዴ ቤት ልዩ ጠላት አለው፦ ጨው። ለከብት የሚገዛ አሞሌም ሆነ በጨው የታሸ ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ በአጠገቡ ያለውን ብረት ቶሎ ያዝገዋል። መሣሪያው ያለበት ሣጥን ጨውና ቆዳ ከሚቀመጥበት ክፍል መራቅ አለበት። ጠመንጃውን ከቆዳ በተሠራ ማኅደር ውስጥ ለብዙ ቀን መተውም ጥሩ አይደለም፤ ቆዳው እርጥበት ይይዛል። በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ስስ የመሣሪያ ዘይት ተቀብቶ፣ ከሣጥኑ ወለል በእንጨት ወይም በደረቅ ጨርቅ ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ይመረጣል። በክረምት ከእያንዳንዱ ጉዞ መልስ ማየት ይበቃል።

ባለቤቱ ቤት ሲያድር

ነጋዴው ሲመለስ ሣጥኑን ከፍቶ መሣሪያውን እንደገና ራስጌ የመስቀል ፍላጎት ያድርበታል። ሌሊት ድምፅ ቢሰማ ቶሎ መድረስ ይፈልጋል። ይህ ሐሳብ መሠረት የለውም አይባልም፤ መቆለፍ ጥቂት ሰከንዶች ይወስዳል። ነገር ግን ልጆቹ በዚያ ሌሊትም እዚያው ናቸው። እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ደግሞ በሌለ ሰው ይቆጠራል። በድንግዝግዝ ከእንቅልፉ ባንኖ የጎረሰ ጠመንጃ የሚያነሳ ሰው ፊቱ ያለው ሌባ ይሁን ከደጅ የገባ ልጁ ሳይለይ ሊተኩስ ይችላል።

ሚዛኑ ይህ ነው፦ ባለቤቱ ቤት ሲኖር ሣጥኑ ከመኝታው አጠገብ ካለ ቁልፉ ከእሱ ጋር ያድራል፣ መሣሪያው ሣጥኑ ውስጥ ያድራል። ለመክፈት የሚወስዱት ሰከንዶች ለማየትና ለመለየትም ያገለግላሉ።

ከመውጣቱ በፊት በር ላይ

መሣሪያ ያለው ነጋዴ ሰነዶቹን እንደሚፈትሽ ሁሉ ይህንንም ከጉዞ በፊት ቢፈትሽ ልማድ ይሆንለታል።

— ጥይት ወጥቷል፣ የጥይት ቤቱ ታይቷል፣ ተዳስሷል።

— መሣሪያው ሣጥን ውስጥ ነው፣ ጓጉንቸሩ ተስቦ ተፈትኗል።

— ጥይቱ በሌላ ሣጥን ተቆልፏል፣ ቁጥሩ ተጽፏል።

— ቁልፉ ከባለቤቱ ጋር ነው፣ ሁለተኛው ከቤት ውጭ ነው።

— የመሣሪያው መለያ ቁጥርና የፈቃዱ ቅጂ ከሣጥኑ ውጭ በሌላ ቦታ ተቀምጧል። መሣሪያው ቢሰረቅ ባለቤቱ መለያ ቁጥሩን ይዞ በዚያው ቀን ለፖሊስ ማመልከት ይችላል። ዘግይቶ ያመለከተ ሰው በመሣሪያው ለተሠራው ነገር ማስረዳት ይከብደዋል።

ይህ ሁሉ የሚወስደው ዐሥር ደቂቃ ነው። ሣጥኑን ማሠራቱም አንድ ላሜራና የአንድ ቀን ሥራ ነው። አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” ይላሉ። ከብቱን በሰላም አሻግሮ የተመለሰ ነጋዴ ቤቱን እንደተወው ማግኘት አለበት፤ ጠመንጃው የተገዛውም ለዚሁ ነበር።